ከካንሰር የዳነውን ሰው ግፊት ማን ይለካል?

በአገራችን አንድ ሕሙም የካንሰር ሕክምናውን ፈጽሞ ወደ ቤቱ ሲመለስ ቤተ ዘመዱ ተሰብስቦ እልል ይላል፤ የተሳለው ስለቱን ያገባል፥ ዕጣንና ጧፍ ይዞ ወደ ደጀ ሰላም ይሄዳል፥ ሙስሊሙም ሰደቃ ያወጣል፤ ጎረቤትም «እንኳን ፈጣሪ ማረህ» እያለ ቡና ይጠጣል። ይህ ደስታ የሚገባ ነውና ማንም ሊነቅፈው አይችልም። ነገር ግን በዚያው ሰሞን፥ በሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ውስጥ የሕሙሙ ካርድ ታጥፎ ወደ መደርደሪያው ሲመለስ፥ ከእርሱ ጋር አብሮ የሚታጠፍ ትልቅ ዕውቀት አለ፤ ይኸውም ያ ሰው የትኛውን መድኃኒት በምን ያህል መጠን እንደ ወሰደ፥ ጨረሩም በየትኛው የአካሉ ክፍል ላይ እንደ ዐረፈ የሚናገረው ዕውቀት ነው። ዕጢውን ያጠፋው መድኃኒት በደም ሥሩ፥ በኩላሊቱና በልቡ ላይ ትቶት ያለፈው ነገር ግን ከካርዱ ጋር በመደርደሪያ ላይ አይቀርም፤ ከሰውየው ጋር ወደ ቤቱ ይገባል። ከእነዚህም ትሩፋቶች አንዱና ዝምተኛው የደም ግፊት ነው።

እኔ የምለው አጭር ነው። ከካንሰር የዳነ ሰው ሁሉ የተሰጠውን ሕክምና የሚናገር ወረቀት በእጁ ሊይዝ፥ የደም ግፊቱም ዕድሜ ልኩን እየተለካ ሊጻፍለት ይገባል፤ ይህንንም የማድረግ ግዴታ በቅድሚያ የሚወድቀው ባከመው ተቋም ላይ ነው እንጂ ከሞት አፋፍ ተመልሶ ገና ትንፋሹን በሚሰበስበው ሕሙም ላይ አይደለም። አሳቡ አጭር ቢሆንም ምክንያቱ ረዘም ይላልና አንባቢ ይታገሠኝ።

የደም ግፊት ማለት ከልብ የሚወጣው ደም በሚሄድበት ጎዳና ሁሉ የሥሮቹን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው። ይህን ኃይል መጀመሪያ ለክቶ ለዓለም ያስታወቀው፥ የሚያስደንቅ ቢሆንም፥ ሐኪም ሳይሆን እስጢፋኖስ ሄልስ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ ሲሆን፥ በፈረስ የደም ሥር ውስጥ ረጅም የብርጭቆ ቱቦ አስገብቶ ደሙ ወደ ላይ ምን ያህል እንደሚወጣ የተመለከተውን በ1733 አሳተመ፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ። ጣልያናዊው ሺፒዮኔ ሪቫ ሮቺ በ1896 በክንድ ላይ ተጠምጥሞ በአየር የሚነፋውን መለኪያ አበጀ፤ ሩስያዊው ኒኮላይ ኮሮትኮቭም በ1905 አየሩ ሲላላ ከደም ሥሩ የሚሰማውን ድምፅ በማዳመጫ ተከታትሎ ላይኛውንና ታችኛውን ቍጥር መለየት እንደሚቻል አስታወቀ። ዛሬ በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ነርስ እጅ የሚገኘው መሣሪያ ከዚያ ብዙም የራቀ አይደለም። ላይኛው ቍጥር 140 ወይም ታችኛው 90 ሲደርስ በብዙ አገር ከፍተኛ ግፊት ይባላል፤ የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች ግን ከ2017 ወዲህ ወሰኑን ወደ 130 በ80 ዝቅ አድርገውታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው ግምት መሠረት ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ከሆኑት ሰዎች መካከል 1.28 ቢሊዮን የሚሆኑት ግፊት ያለባቸው ሲሆን፥ ከእነርሱም ግማሽ ያህሉ ግፊት እንዳለባቸው እንኳ አያውቁም። እንግዲህ ካንሰር ያልነካው ሰው ይህን ያህል ከሳተ፥ ሐሳቡ ሁሉ በዕጢው ላይ የዋለ ሕሙም ቢዘነጋ ምን ይደንቃል?

ካንሰርን የሚያጠፋ መድኃኒት ግፊትን ለምን ያስነሣል የሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የለውም፤ መድኃኒቶቹ ብዙ ናቸውና መንገዳቸውም ብዙ ነው። ከሁሉ ይልቅ ግልጽ ሆኖ የሚታየው በደም ሥር ላይ የሚሠሩት መድኃኒቶች ታሪክ ነው። በ1971 ጁዳ ፎክማን የተባለ የቦስተን ቀዶ ሐኪም፥ ዕጢ ከጥቂት ሚሊሜትር አልፎ የሚያድገው አዲስ የደም ሥር ወደ ራሱ ሲስብ ነው፤ ስለዚህ የደም ሥሩን ብንከለክለው በረኃብ ይጠፋል የሚል አሳብ አቀረበ። በአምባ ላይ የመሸገን ሽፍታ ፊት ለፊት ከመግጠም ይልቅ ስንቁንና ውሃውን መዝጋት እንደ ማለት ነው። አሳቡ ለብዙ ዘመን ተጠራጣሪ አላጣም። በ1989 ናፖሊዮኔ ፌራራ በካሊፎርኒያ አዲስ የደም ሥር እንዲበቅል የሚያደርገውን ንጥረ ነገር ለየው፤ ያንን ንጥረ ነገር አንቆ የሚይዘው ቤቫሲዙማብ የተባለው መድኃኒትም በ2004 በአሜሪካ ለተሠራጨ የትልቁ አንጀት ካንሰር ተፈቀደ፤ ከእርሱም በኋላ በአፍ የሚዋጡት ሶራፌኒብ፥ ሱኒቲኒብ፥ ሌንቫቲኒብና ሌሎችም ተከተሉ።

ይሁን እንጂ ያ ንጥረ ነገር ዕጢን ብቻ የሚያገለግል አልነበረም። በጤነኛው ሰውነት ውስጥም የደም ሥሮች ውስጠኛ ገጽ ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለውን፥ ሥርን የሚያላላ ጋዝ እንዲያመነጭ የሚያዝዘው፥ ፀጉር የሚያካክሉትን ጥቃቅን ሥሮች በሕይወት የሚያቆየው፥ የኩላሊትንም ማጣሪያ የሚጠብቀው እርሱ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ሲከለክለው ሥሮች ይኰማተራሉ፥ ጥቃቅኖቹ ይመናመናሉ፥ በኩላሊት በኩልም ፕሮቲን ወደ ሽንት ማምለጥ ይጀምራል፤ ግፊቱም አንዳንድ ጊዜ በቀናት፥ ብዙ ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይወጣል። በ2015 በታተመውና በታይሮይድ ካንሰር ሕሙማን ላይ በተደረገው ፈተና ሌንቫቲኒብን ከወሰዱት ሰዎች 3 እጅ ቢከፈል 2ቱ እጅ ያህል ግፊት ወጥቶባቸዋል። የዚህ ዓይነቱ ግፊት አንድ መልካም ነገር አለው፤ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ብዙውን ጊዜ አብሮ ይወርዳል። ሌላም የሚያጽናና ነገር አለ፤ በኩላሊት ካንሰር ሕሙማን ላይ የተደረጉ ጥናቶች ግፊት የወጣባቸው ሰዎች ከመድኃኒቱ የበለጠ እንደ ተጠቀሙ አመልክተዋል። ከዚህም የተነሣ ቍጥሩ ከፍ ባለ ጊዜ በድንጋጤ የካንሰሩን መድኃኒት መጣል ትልቅ ስሕተት ነው፤ የሚታከመው ግፊቱ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ቀስ ብሎ የሚመጣው ነው፤ እኔንም ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ባርኔት ሮዘንበርግ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የኤሌክትሪክ ኃይል በባክቴሪያ ላይ ምን እንደሚያደርግ ሲመረምር፥ ባክቴሪያዎቹ መከፋፈል ያቆሙት በኤሌክትሪኩ ሳይሆን ኤሌክትሪኩ ከሚያልፍበት ብረት በሟሟው ፕላቲነም ምክንያት መሆኑን ደርሶበት በ1965 አሳተመ፤ ከዚህም ሲስፕላቲን የተባለው መድኃኒት ተገኘ። በ1974 ሎረንስ አይንሆርን በኢንዲያና ይህን መድኃኒት ከሌሎች ሁለት ጋር አጣምሮ የዘር ፍሬ ካንሰር ለተሠራጨባቸው ወጣቶች ሰጠ፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ወጣት አብዛኛውን ጊዜ ሟች ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን አብዛኛው የሚድን ሆነ። ይህ በሕክምና ታሪክ ውስጥ ከታላላቆቹ ድሎች አንዱ መሆኑን የሚጠራጠር የለም። ሆኖም እነዚያ ወጣቶች ጎልማሶች ሆኑ፥ ሐኪሞችም ተከታተሏቸው፤ መድኃኒቱን ከወሰዱ 10 ዓመት ካለፋቸው በኋላ እንኳ በደማቸው ውስጥ ፕላቲነም ይገኝ ነበር። በኖርዌይ ከዘር ፍሬ ካንሰር በዳኑ ወንዶች ላይ የተደረገው የረጅም ዘመን ክትትልም ሲስፕላቲንን በብዛት የወሰዱት ሰዎች በቀዶ ሕክምና ብቻ ከዳኑት ይልቅ ግፊታቸው ከፍ ብሎ መገኘቱን አሳይቷል። ሲስፕላቲን ኩላሊትን ይጎዳል፥ የደም ሥርንም ውስጠኛ ገጽ ይጎዳልና። በእኛ አገር ይኸው መድኃኒት የማኅፀን በር ካንሰር ላለባቸው እናቶች ከጨረር ጋር አብሮ ይሰጣል፤ በእነርሱም ላይ ዕጢው ራሱ የሽንት ቧንቧን ተጭኖ ኩላሊትን አስቀድሞ የሚያደክምበት ጊዜ ብዙ ስለ ሆነ፥ ጉዳቱ በጉዳት ላይ ይደረባል።

ቅዱሳት መጻሕፍት የሰውን ውስጠኛ ነገር ሲያወሱ ልብንና ኩላሊትን ጎን ለጎን ያነሣሉ። የዘመናችንም ሐኪሞች በሌላ መንገድ ተጕዘው እዚያው ደርሰዋል፤ ኩላሊት ሲጎዳ ግፊት ይወጣል፥ ግፊት ሲወጣ ኩላሊት ይጎዳል፥ ልብም በሁለቱ መካከል ሸክሙን ትሸከማለች።

የቀሩትን መንገዶች በአጭሩ ላልፋቸው። ለደም ካንሰርና ለዕጢ ዓይነቶች፥ ለትውከትም ማስታገሻ የሚሰጡት ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን ጨውንና ውሃን በሰውነት ውስጥ ያስቀራሉ፥ ክብደትንም ይጨምራሉ። ለፕሮስቴት ካንሰር የሚሰጠው አቢራቴሮን ጨው አስቀሪ ሆርሞኖችን ስለሚያበዛ ግፊትን ያወጣል፥ ፖታስየምንም ያወርዳል፤ ከፕሬድኒሶሎን ወይም ከአቻው ጋር ተጣምሮ የሚሰጠውም ስለዚሁ ነው። በአንገት ላይ የሚወርድ ጨረር ግፊትን የሚቈጣጠሩትን በአንገት ሥር ያሉ ነርቮች ሊጎዳ ይችላል፤ እንዲህ ያለው ሰው ግፊቱ ጠዋት ከፍ፥ ቀትር ላይ ዝቅ እያለ ሐኪሙን ግራ ያጋባል።

በሕፃናት ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። ዊልምስ የሚባለው የኩላሊት ካንሰር የትንንሽ ሕፃናት ደዌ ሲሆን፥ ባደጉት አገሮች ከ10 ሕፃናት 9ኙ ያህል ይድናሉ፤ የሚድኑትም አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ኩላሊት ወጥቶ፥ አንዳንዴም ሆድ ላይ ጨረር ወርዶ ነው። ሕፃኑ ያድጋል፥ ይማራል፥ ያገባል፤ በአንድ ኩላሊት መኖሩን እናቱ እንጂ እርሱ ላያስታውሰው ይችላል። በአሜሪካ ሜምፊስ ከተማ የሚገኘው ሴንት ጁድ የሕፃናት ሆስፒታል በልጅነታቸው ከካንሰር የዳኑ ከ3 ሺህ በላይ ጎልማሶችን መርምሮ በ2017 ባሳተመው ጥናት፥ ግፊት በእነርሱ ዘንድ በሕዝቡ መካከል ሊጠበቅ ከሚገባው 2.6 እጥፍ ሆኖ ተገኘ፤ በ30 ዓመታቸው 13 በመቶ የነበረው በ40 ዓመታቸው 37 በመቶ፥ በ50 ዓመታቸው ከ70 በመቶ በላይ ደረሰ። አስደናቂው ነገር፥ ተመራማሪዎቹ ከሕክምና ዓይነቶች መካከል ከግፊት ጋር በግልጽ ተያይዞ ያገኙት የኩላሊት መውጣትን መሆኑ ነው፤ የቀረው ድርሻ የዕድሜ፥ የውፍረትና የመሰሉት ነበር። ከዚህ የምንማረው ሁሉን በመድኃኒት ላይ ማላከክ ትክክል አለመሆኑን ነው። ከካንሰር የዳነ ሰውም እንደ ሌላው ሰው ያረጃል፥ ይወፍራል፥ ጨው ያበዛል፤ ሕክምናው በዚህ ላይ የራሱን ይጨምራል።

ይህ ጭማሪ በተለይ የሚያስፈራው ቀለሙ ቀይ የሆነውን ዶክሶሩቢሲንን በወሰዱት ሰዎች ላይ ነው። ይህ መድኃኒት ለጡት ካንሰርና ለሊምፎማ በአገራችንም በሰፊው ይሰጣል፤ የልብን ጡንቻ ቀስ በቀስ ሊያደክም እንደሚችልም ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ስለ ሆነ ጠቅላላ መጠኑ ይገደባል። ከ10 ሺህ በላይ በልጅነታቸው ከካንሰር የዳኑ ሰዎችን በተከታተለውና በ2013 በታተመው ጥናት እንደ ታየው፥ እንዲህ ያለውን መድኃኒት በወሰደ ሰው ላይ ግፊት ሲጨመርበት ሁለቱ አደጋዎች ተደምረው ብቻ አይቀሩም፤ እርስ በርሳቸው ይባዛሉ። የልብ መድከም ይዞት ወደ ሆስፒታል የሚመጣው ሰው ካንሰሩን ከብዙ ዓመታት በፊት ረስቶት ሊሆን ይችላል፤ ልቡ ግን አልረሳችውም። በወሰደው መድኃኒት ላይ አሁን ማንም ሊያደርግ የሚችለው ነገር የለም፤ ግፊቱን ግን በጥቂት ብር እንክብል ማውረድ ይቻላል። እኔ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ ይህ አንድ ነገር ነው፤ ከአደጋዎቹ ሁሉ መካከል በእጃችን ያለው እርሱ ብቻ ሆኖ ሳለ፥ የምንተወውም እርሱን መሆኑ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዘመን በኢትዮጵያ ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ ሆኖ ኖሯል፤ በቅርብ ዓመታትም እንደ ጅማና እንደ ሐረማያ ባሉ ስፍራዎች መሣሪያ መተከሉ በእውነት የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ነገር ግን ከባሌ፥ ከወለጋ፥ ከጎጃም የመጣ ሕሙም በሆስፒታሉ አካባቢ ቤት ተከራይቶ፥ ከብቱን ሸጦ፥ ወራት ጠብቆ ሕክምናውን ከፈጸመ በኋላ የሚመለሰው ወደዚያው ወደ ቀበሌው ነው። በዚያ የሚያገኘው ጤና ጣቢያ የግፊት መለኪያ አለው፥ ኤናላፕሪልና አምሎዲፒን የተባሉት እንክብሎችም ብዙ ጊዜ አይጠፉም፥ ነርሱም ሥራውን ያውቃል። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ነርሱ ይህ ሰው ማን እንደ ሆነ አያውቅም። «ምን ታመህ ነበር?» ሲለው «ዕጢ ነበረብኝ፥ አዲስ አበባ አክመውኝ ዳንሁ» ይለዋል፤ የትኛውን መድኃኒት እንደ ወሰደ ሲጠይቀው «በክንዴ የሚገባ ነበር» ብሎ ይመልሳል። በዚህ መካከል የተሳሳተ ማን ነው? ሕሙሙ አይደለም፤ ነርሱም አይደለም።

በሐኪሞችም ዘንድ ጉዳዩ በሁለት ወንበር መካከል ይወድቃል። የካንሰሩ ሐኪም ዕጢው መመለሱንና አለመመለሱን ሊያይ ይቀጥራል፥ የልብ ሐኪሙ ደግሞ ሕሙሙ ካልተላከለት አያየውም። በአውሮፓ ይህን ጉድለት ለመሙላት ልብንና ካንሰርን አብሮ የሚመለከት የሕክምና ዘርፍ ተቋቁሟል፤ የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበርም በ2022 ባወጣው መመሪያ ግፊት ሕክምናው ከመጀመሩ አስቀድሞ እንዲለካ፥ የደም ሥር ከልካይ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በመጀመሪያው ዙር በየዕለቱ በቤቱ፥ ከዚያም በየ2 ወይም በየ3 ሳምንቱ እንዲለካ አዝዟል፤ የካንሰሩ መድኃኒት ለጊዜው እንዲቆይ የሚመክረውም ላይኛው 180 ወይም ታችኛው 110 ሲደርስ ነው። ቬራፓሚልና ዲልቲያዜም የተባሉትን የግፊት መድኃኒቶች ከእነዚህ የካንሰር እንክብሎች ጋር እንዳይሰጡ ከልክሏል፤ በጉበት በኩል የካንሰሩን መድኃኒት መጠን በደም ውስጥ ከፍ ያደርጉታልና። ይህን የምጠቅሰው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ባሕር ማዶ ያለ ዘመድ በሻንጣ ያመጣውን የግፊት እንክብል ሳይጠይቁ መዋጥ በመካከላችን የተለመደ ነው።

አንዳንድ ሰው እንዲህ ሊለኝ ይችላል፤ «የኬሞ መድኃኒት በየጊዜው በሚጠፋበት፥ ለጨረር ወረፋ ወራት በሚጠበቅበት አገር ስለ ግፊት ማውራት ቅንጦት አይደለምን? መጀመሪያ ሕሙሙ ይዳን!» ይህ ነገር ከርኅራኄ የመጣ ስለ ሆነ አከብረዋለሁ፤ ግን አልቀበለውም። ለአንድ ሕሙም ቤተሰቡ ከብቱን፥ መንግሥት ውጭ ምንዛሪውን አውጥቶ ካዳነው በኋላ፥ ከ10 ዓመት በኋላ በስትሮክ ግማሽ አካሉ ቢደርቅ ወይም በሳምንት 2 እና 3 ጊዜ የኩላሊት እጥበት ቢያስፈልገው፥ ያ ሁሉ ወጪ የት ገባ? ድህነት ለካንሰር መሣሪያ እጥረት ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ክንድን ጠቅልሎ ላለመለካትና አንድ ገጽ ላለመጻፍ ግን ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ሕሙማኑን ደግሞ ያለ ወቀሳ እንዳላልፋቸው የሚያደርገኝ አንድ ልማድ አለ። ብዙ ሰው ግፊትን የንዴት ደዌ አድርጎ ያየዋል፤ «አሁን ሰላም ነኝ፥ የሚያናድደኝም የለም» ብሎ እንክብሉን ያቆማል፥ ራሱን ባመመው ቀን ብቻ ይውጣል። ግፊት ግን አብዛኛውን ጊዜ ራስን አያሳምምም። ሌላው ነጭ ሽንኩርት፥ ፌጦና የሽፈራው ቅጠል ይበቃኛል ይላል፤ እነዚህን እንደ ምግብ የሚበላቸው ሰው በመጠኑ ቢበላ አልነቅፈውም፥ በእንክብሉ ፈንታ ሲተካቸው ግን ይጎዳል። ለወገብና ለመገጣጠሚያ ሕመም ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የሚገዙት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግፊትን እንደሚያወጡና ኩላሊትን እንደሚጎዱ፥ ጫትም ግፊትን ከፍ እንደሚያደርግ የሚነግረው ስንቱን ነው? ጨውንም በሚመለከት የዓለም ጤና ድርጅት ለጎልማሳ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች፥ ማለት ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ እንዲበቃው ይመክራል፤ የእኛ ጨው ግን በማዕድ ላይ ተነስንሶ የሚታይ ሳይሆን በበርበሬው፥ በሽሮውና በሚጥሚጣው ውስጥ አስቀድሞ ገብቶ የሚጠብቀን ስለ ሆነ፥ «እኔ ጨው አልጨምርም» የሚለው ሰው ራሱን ያታልላል።

ስለ ጾምና ስለ ጸበልም አንድ ቃል ልበል፤ ዝም ካልሁ ነገሩ ጎዶሎ ይሆናልና። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ወይም በረመዳን ከንጋት እስከ ምሽት የሚጾም ሰው፥ የግፊት እንክብሉን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ማስተካከል ይችላል፤ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰዱ መድኃኒቶች አሉና። ሐኪሙንም ሳይጠይቅ፥ የነፍስ አባቱንም ሳያማክር በራሱ ሥልጣን መድኃኒቱን የሚያቋርጥ ሰው ግን ለጾሙም ለሥጋውም አልበጀም። ጸበል የሚጠመቅም ሰው ተጠምቆ እንክብሉን ቢውጥ ሃይማኖቱን እንደ ካደ የሚቈጥር አስተዋይ ካህን አለ ብዬ አላምንም።

የልኬቱም ነገር እንደ ቀላል እየታየ ይበላሻል። ከታክሲ ወርዶ ደረጃ እየሮጠ የወጣን ሰው እንደ ቆመ መለካት ሐሰተኛ ቍጥር ያመጣል፤ 5 ደቂቃ ተቀምጦ፥ ጀርባው ተደግፎ፥ እግሮቹ መሬት ነክተው፥ ክንዱ በልቡ ትይዩ ሆኖ፥ ሳይነጋገር ሊለካ ይገባል፤ ከዚያ በፊት በነበረው ግማሽ ሰዓት ቡና ባይጠጣ መልካም ነው። በሕመም ክንዱ የከሳ ሰው በሰፊ መጠቅለያ ሲለካ ግፊቱ ካለው በታች ሆኖ ይታያል። ለጡት ካንሰር በብብቷ ያሉት የሊምፍ ዕጢዎች የወጡላት ሴት በሌላው ክንዷ እንድትለካ ይመከራል፤ ይህንንም ለካዩ ሳትጠየቅ ብትነግረው ይሻላል፥ አስተውሎ የሚጠይቃት ጥቂት ነውና።

እንግዲህ ይህን የምታነብ፥ ሕክምናህን የፈጸምህ ወንድሜ፥ አንቺም እኅቴ፥ በሚመጣው ቀጠሮ ከሐኪማችሁ ዘንድ ሳትወጡ ወረቀቱን ጠይቁ፤ የካንሰሩ ዓይነት፥ የመድኃኒቶቹ ስምና ጠቅላላ መጠን፥ ጨረሩ የወረደበት ስፍራ፥ የወጣ አካል እንደ ሆነም ስሙ፥ በመጨረሻው ቀን የተለካው ግፊት ይጻፍላችሁ፤ ቅጂውንም ለቅርባችሁ ጤና ጣቢያ ስጡ። የጤና ሚኒስቴርም ይህንኑ በአንድ ገጽ ቅጽ አዘጋጅቶ የካንሰር ሕክምና የሚሰጡ ሆስፒታሎች ሁሉ ሕሙሙን ሲያሰናብቱ እንዲሰጡት ቢያዝዝ፥ አዲስ መሣሪያ መግዛት አያስፈልገውም፥ ውጭ ምንዛሪም አይጠይቅም፤ የሚፈጀው አንድ ወረቀትና የአንድ ሐኪም ጥቂት ደቂቃ ነው።